ሜሰርሽሚት 262 ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚጻፉ የ«ቢሆን ኖሮ» ልብ ወለዶች ውስጥ እንደ ጀርመኑ ጄት ተዋጊ ሜሰርሽሚት 262 ደጋግሞ የሚነሣ አውሮፕላን ያለ አይመስለኝም። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ስብሰባ ነው። ሂትለር በእውነተኛው ታሪክ የሰጠውን፣ አውሮፕላኑ ቦምብ ጣይ እንዲሆን የሚያዝዘውን ትእዛዝ ሳይሰጥ ይቀራል፣ ወይም አንድ ጄኔራል ደፍሮ ሐሳቡን ያስለውጠዋል። ከዚያ በኋላ የጀርመን ሰማይ ፕሮፔለር በሌላቸው ተዋጊዎች ይሞላል፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች እየነደዱ ይወርዳሉ፣ የኖርማንዲው ወረራ ይከሽፋል፣ ጦርነቱም ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን ዓይነት ልብ ወለድ ከልቤ እወዳለሁ፤ የሆነው ሁሉ ግድ መሆን የነበረበት እንዳልሆነ የሚያሳስብ፣ ትናንትን ገና ያልተወሰነ ነገር አድርጎ የሚያሳይ ሌላ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አላውቅም። ስለዚህ አውሮፕላን የሚጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ቅሬታ አብሮኝ ይከርማል። ደራሲዎቹ ትእዛዙን ይለውጣሉ እንጂ ብረቱን አይለውጡም፤ አውሮፕላኑን የሠሩትን ሰዎች ደግሞ ጨርሶ ከታሪኩ ያስወጧቸዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፕላኑ ንድፍ የተጀመረው ጦርነቱ ሳይፈነዳ ነበር። አካሉ ከሞተሩ ቀድሞ ስለ ደረሰ በኤፕሪል 18 ቀን 1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው አፍንጫው ላይ በተገጠመ ተራ የፒስተን ሞተርና ፕሮፔለር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ ሁለት የቢኤምደብልዩ ጄት ሞተሮች ተጨምረውለት ተሞከረ፤ ከመሬት እንደ ተነሣ ሁለቱም ጠፉ፣ አብራሪውን ፍሪትዝ ቬንደልን ከሞት ያተረፈው ለጥንቃቄ ሳይነቀል የቀረው ያው የፒስተን ሞተር ነበር። በጄት ኃይል ብቻ የተነሣው በጁላይ 18 ቀን 1942 በደቡብ ጀርመን ላይፕሃይም በተባለው ሜዳ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የተገጠመለት ዩንከርስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ዩሞ 004 ነው። ያ የሙከራ አውሮፕላን ገና የአፍንጫ ጎማ አልነበረውም። እንደ ዘመኑ አውሮፕላኖች ጅራቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይቆም ስለ ነበር፣ በሚንደረደርበት ጊዜ ክንፉ ወደ ጅራቱ የሚሄደውን ነፋስ ይጋርደዋል፤ ፕሮፔለር ስለሌለውም ጅራቱን የሚያነሣለት ነፋስ ከየትም አይመጣም። መፍትሔው የሚያስፈራ ነበር፤ ፍጥነቱ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቬንደል ፍሬኑን ለቅጽበት ነካ አደረገው፣ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ዘመም ሲል ጅራቱ ከመሬት ተነሣ፣ መሪውም ነፍስ ዘራ። የማኮብኮቢያው መጨረሻ እየቀረበ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳሉ ፍሬን መርገጥ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ሳስብ፣ ለሠሩለት መንግሥት ያለኝ ጥላቻ እንዳለ ሆኖ፣ ሙያውን አለማድነቅ ያቅተኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኋላ የተቀለበሰው ክንፉ የመጪውን ዘመን ከድምፅ ፍጥነት በላይ መብረር አስቀድሞ ያየ ጥበብ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይወደሳል። የክንፉ ቅልብስ 18 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ምክንያቱ ሞተሮቹ ከታሰበው በላይ ከብደው መገኘታቸውና የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል መስተካከል ማስፈለጉ ነበር። ስለዚህ አውሮፕላን የሚነገረው ብዙው ትንቢት ሲመረመር መሐንዲሶቹ የገጠማቸውን ችግር የዘየዱበት መንገድ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ታዋቂው ትእዛዝ ልምጣ። የተዋጊ አብራሪዎች አዛዥ የነበረው አዶልፍ ጋላንድ በሜይ 1943 አውሮፕላኑን ራሱ አብርሮ ከወረደ በኋላ በፍጹም ደስታ ለበላዮቹ መሰከረለት። በኖቬምበር 26 ቀን 1943 በምሥራቅ ፕሩሲያ ኢንስተርቡርግ ለሂትለር ታየ። ሂትለር ቦምብ መሸከም ይችል እንደሆነ ጠየቀ፣ ቪሊ ሜሰርሽሚትም ይችላል ብሎ መለሰ። ሂትለር ከዚያች ቀን ጀምሮ በአእምሮው ያየው የወረራ ቀን በባሕር ዳርቻ የሚወርደውን ጦር በፍጥነት የሚደበድብ ቦምብ ጣይ ነበር። በሜይ 1944 እስከዚያ ድረስ የተሠሩት ሁሉ ተዋጊዎች መሆናቸውን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ፤ አውሮፕላኑ በቦምብ ጣይነት ብቻ እንዲሠራም አዘዘ። ሁለት 250 ኪሎ ግራም ቦምቦች ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ የተላኩት ጥቂቶቹ፣ ምሥጢሩ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ከ4,000 ሜትር በታች እንዳይበሩ ስለ ተከለከሉና ለዚያ ከፍታ የሚሆን የቦምብ ማነጣጠሪያም ስላልነበራቸው፣ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ሳያደርሱ ቀሩ።

ትእዛዙ ስሕተት እንደ ነበር የሚጠራጠር የለም። ከጦርነቱ በኋላ ማስታወሻቸውን የጻፉ የጀርመን መኮንኖችና ባለ ሥልጣናት ደግሞ ይህን ስሕተት ወደዱት፤ ሽንፈቱን በሞተ ሰው ትከሻ ላይ ማሳረፍ ለሁሉም ይመች ነበርና። የልብ ወለዱ ዘር የተዘራው እዚያ ነው። ነገር ግን ሂትለር ያንን ጥያቄ በጠየቀበት ወር ለአውሮፕላኑ የሚሆን ሞተር በብዛት ማምረት ገና አልተጀመረም ነበር። የዩሞ 004 ንድፍ ለጅምላ ምርት ጸድቆ ፋብሪካዎቹ በሙሉ አቅም መሥራት የጀመሩት በ1944 አጋማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት አካላት ሞተር ሲጠብቁ ቆይተዋል። ጋላንድ የጠየቀውን ሁሉ በ1943 ቢያገኝ እንኳ በእጁ የሚገባው ሞተር አልባ አውሮፕላን ነበር።

ሞተሩ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚያ ነውና።

የጄት ሞተር አሠራር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ከፊት የገባው አየር በኮምፕረሰሩ ታምቆ ወደ ማቃጠያ ክፍሎች ይገባል፣ ከነዳጅ ጋር ይነድዳል፣ የሚወጣው የጋለ ጋዝ ተርባይኑን አሽከርክሮ ከኋላ ይፈተለካል፤ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ ኮምፕረሰሩን መልሶ ያሽከረክራል። መከራው ሁሉ ያለው ተርባይኑ ላይ ነው። የዩሞ 004 ተርባይን ዙሪያውን 61 ምላጮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ምላጭ በነበልባል ጎርፍ ውስጥ ቀልቶ፣ በደቂቃ ከ8,000 ጊዜ በላይ እየዞረ፣ ከመሐሉ ተነቅሎ እንዲወረወር በሚጎትተው ኃይል እየተወጠረ መሥራት አለበት። ይህን የሚችል ብረት ኒኬል፣ ክሮም፣ ኮባልትና ሞሊብዲነም ይፈልጋል፤ ጀርመን ደግሞ እነዚህ ማዕድናት በእጇ አልነበሩም። የኒኬሏ ዋና ምንጭ በሰሜን ፊንላንድ የሚገኘው የፔትሳሞ ማዕድን ነበር። ክሮም ከምታስገባባቸው ዋና አገሮች አንዷ ቱርክ በኤፕሪል 1944 ሽያጩን አቆመች፤ ፊንላንድም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከጦርነቱ ወጣች።

የሞተሩ ዋና መሐንዲስ አንሰልም ፍራንትስ ኦስትሪያዊ ነበር። የመጀመሪያውን ሞተር ያገኘውን ሁሉ ውድ ማዕድን ተጠቅሞ ሠራው፣ ሐሳቡ እንደሚሠራም አረጋገጠ፤ ቀጥሎ ያንኑ ሞተር ከድኻ ብረት መልሶ የመሥራት ሥራ ተጫነበት። የማቃጠያ ክፍሎቹ ከተራ ብረት ተሠርተው እንዳይበሉ በአሉሚኒየም ተለበጡ። የተርባይኑ ምላጮች ከስስ ብረት ውስጣቸው ባዶ ሆነው እንዲሠሩ ተደረገ፣ በውስጣቸውም ከኮምፕረሰሩ የተጠለፈ ቀዝቃዛ አየር እንዲያልፍ ሆነ፤ በመጨረሻም ኒኬል ጭራሽ የሌለበት ክሮማዱር የተባለ ቅይጥ መጣ። ዛሬ የምንሳፈርባቸው አውሮፕላኖች ሞተር ምላጮችም በውስጣቸው በሚያልፍ አየር ይቀዘቅዛሉ።

በ1943 አጋማሽ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ምላጮቹ በሥራ ላይ እያሉ ይሰበሩ ጀመር። ፍራንትስ የአደጋውን ምንጭ ያገኘበት መንገድ ከጦርነቱ የቴክኒክ ታሪኮች ሁሉ እኔ የምወደው ነው። ጆሮው የተባ አንድ ሙዚቀኛ ተጠርቶ መጣና የምላጮቹን ጫፍ በቫዮሊን ደጋን እያሸ የሚሰጡትን ድምፅ በጆሮው ለየ። ምላጩ የሚዘምርበት ድምፅ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ስድስቱ የማቃጠያ ክፍሎችና ከተርባይኑ ኋላ ያሉት ሦስት ድጋፎች ከሚፈጥሩት ምት ጋር ገጠመ፤ ምቱ ምላጩን እያወዛወዘ ይሰብረው ነበር ማለት ነው። ምላጮቹ በአንድ ሚሊ ሜትር አጠሩ፣ ቅርጻቸው ወደ ጫፉ ይበልጥ እንዲሳሳ ተደረገ፣ የሞተሩም ከፍተኛ ዙር በደቂቃ ከ9,000 ወደ 8,700 ዝቅ አለ፤ ስብራቱም ቆመ። ሂትለር በኢንስተርቡርግ አውሮፕላኑን ባየበት ሰሞን የሞተሩ ችግር ይህ ነበር። የትኛውም የፖለቲካ ውሳኔ ሊያፋጥነው የማይችል፣ ደጋንና ጆሮ የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የተገኘው ሞተር 25 ሰዓት እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ አሥር ሰዓት ያህል ሠርቶ ይነቀል ነበር። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች በሚቲዮር ተዋጊያቸው ላይ የገጠሙት የሮልስ ሮይስ ሞተር 180 ሰዓት ሠርቶ ነው ለእድሳት የሚወርደው። ልዩነቱን የእንግሊዝ መሐንዲሶች ብልጫ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ እንግሊዞቹ ኒሞኒክ የተባለውን በኒኬል የበለጸገ ቅይጥ መጠቀም ይችሉ ነበር፣ የካናዳ ኒኬልም በእጃቸው ነበር። ፍራንትስ ባለው አቅም ተአምር የሚያሰኝ ነገር ሠራ፤ ተአምሩ ግን አሥር ሰዓት ነው የሚቆየው።

ለአብራሪው የዚህ ትርጉም ምን እንደሆነ ልብ ወለዶቹ እምብዛም አያሳዩም። የኃይል ማንሻውን ከመጠን በላይ ቶሎ ወደ ፊት ከገፋው ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፣ ተርባይኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሞተሩ ይቃጠላል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ በቀስታ፣ በትዕግሥት መግፋት ግድ ነበር፤ ለማረፍ ኃይሉን አንዴ ከቀነሰ ደግሞ ቶሎ መልሶ ማግኘት አይችልም። በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር የሚበርር፣ በዘመኑ ማንም የማይደርስበት አውሮፕላን ለማረፍ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ራሱን ማዳን የማይችል ዒላማ ይሆናል። የአሜሪካና የእንግሊዝ አብራሪዎች ይህን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ የማረፊያ ሜዳዎቹን ከላይ ሆነው መጠበቅ ጀመሩ። ጀርመኖቹ በበኩላቸው የሚያርፉትን ጄቶች የሚጠብቁ ሌሎች ባለ ፕሮፔለር ተዋጊዎችን በሜዳዎቹ ዙሪያ አሰማሩ፤ ፈጣኑ አውሮፕላን ቀርፋፋ ዘበኛ አስፈለገው።

በሴፕቴምበር 1944 መገባደጃ ገደማ በአኽመርና በሄዘፐ ሜዳዎች የመጀመሪያው የጄት ተዋጊ ክፍል ተቋቋመ። አዛዡ ቫልተር ኖቮትኒ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ ከ250 በላይ አውሮፕላኖች እንደ ጣለ የተመዘገበለት ነበር። በኖቬምበር 8 ቀን ከውጊያ ሲመለስ አውሮፕላኑ አንድ ሞተሩ ጠፍቶ ከደመና ውስጥ ወርዶ ተከሰከሰ፣ ኖቮትኒም ሞተ፤ ጋላንድ በዕለቱ ለጉብኝት መጥቶ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር። ክፍሉ ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ከግንባር ወጣ። እንደ ኖቮትኒ ያለውን ሰው ያልታገሠ አውሮፕላን፣ በዚያ የነዳጅ እጥረት ዘመን ከአሜሪካ አቻዎቻቸው የሥልጠና ሰዓት ግማሹን እንኳ ሳያገኙ ወደ ጦርነት የሚወረወሩትን ልጆች ምን እንደሚያደርጋቸው መገመት አያስቸግርም።

ስለ ነዳጁም አንድ ቃል ልበል። ጄቱ የሚነዳው ከተዋጊዎች ቤንዚን የሚረክስ፣ ከናፍጣ የሚቀርብ ነዳጅ ነበር፤ ይህ ደጋፊዎቹ የሚያነሡት እውነተኛ ጥቅም ነው። ከሜይ 1944 ጀምሮ ግን አሜሪካኖች ሎይናን የመሰሉትን ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የሚሠሩ ፋብሪካዎች መደብደብ ጀመሩና በጥቂት ወራት ውስጥ የአውሮፕላን ቤንዚን ምርት ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ልምምድ የሚደረግበት ቤንዚን ከሌለ በርካሹ ነዳጅ የሚበርረውን አውሮፕላን የሚያበርር ሰው ከየት ይመጣል?

ከ1,400 በላይ ተሠርተው በአንድ ጊዜ ለውጊያ ዝግጁ ሆነው የተገኙት ከ200 ያን ያህል የዘለሉ አልነበሩም። ትልቁ ቀናቸው ማርች 18 ቀን 1945 ነው። 37 ጄቶች በ632 ተዋጊዎች የታጀቡ 1,221 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮችን ገጠሙ፤ 12 ቦምብ ጣዮችና አንድ ተዋጊ ጣሉ፣ ከእነርሱም ሦስቱ ወደቁ። ከአፍንጫው የሚተኩሳቸው አራቱ የ30 ሚሊ ሜትር መድፎች በጥቂት ጥይት ትልቅ ቦምብ ጣይ ሊበታትኑ ይችሉ ስለ ነበር፣ በቦምብ ጣዩ ውስጥ ለነበሩት ወጣቶች ያች ሰዓት ምን ያህል አስፈሪ እንደ ነበረች አልክድም። ነገር ግን 12 ከ1,221 አንድ በመቶ ነው። በርሊን በዚያ ቀን ተደበደበች።

ልብ ወለዶቹ ላይ ያለኝ ሌላው ቅሬታ አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የአየር ኃይል መኮንን ፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ገና በ1930 ነበር። በ1935 መብቱ እንዲታደስ አምስት ፓውንድ አስፈለገ፤ እርሱ ገንዘቡ አልነበረውም፣ የአየር ሚኒስቴሩም አልከፍልም አለ፣ መብቱም ወደቀ። እንዲያም ሆኖ በ1937 ሞተሩን በሥራ ላይ አዋለው፣ በሜይ 1941 የእንግሊዝ ጄት በረረ፣ በጁላይ 1944 ሚቲዮር ወደ ጦር ክፍሉ ገብቶ በዚያው ሰሞን ወደ ለንደን የሚወነጨፉትን ቪ 1 በራሪ ቦምቦች ማደን ጀመረ። አሜሪካኖችም የራሳቸውን ጄት በኦክቶበር 1942 አበረሩ። የጀርመን ጄት አንድ ዓመት ቀድሞ ቢመጣ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር? «ቢሆን ኖሮ» የሚል ደራሲ ከዚያች አምስት ፓውንድ ቢጀምር ከሂትለር ስብሰባ ይልቅ የሚያጓጓኝ ታሪክ ይጽፍልኝ ነበር፤ እርሱም ቢሆን የምላጩን ብረት ጥያቄ አያመልጠውም፣ ኒሞኒክ የተገኘው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነውና።

የጣሊያንም ድርሻ አለ። በኦገስት 1940 ካፕሮኒ ካምፒኒ የተባለ አውሮፕላን በረረ፤ ኮምፕረሰሩን የሚያሽከረክርለት ተራ የፒስተን ሞተር ስለ ነበር ሙሉ ጄት አይባልም፣ ሆኖም የጀርመኑ ሄንክል በኦገስት 1939 በምሥጢር መብረሩ እስኪታወቅ ድረስ ዓለም የመጀመሪያው ጄት አድርጎ ተቀብሎት ነበር። የአውሮፕላን ታሪክ የሚወድ ፈረንጅ ይህን ስም ሲያነብ የሚታየው የፈጠራ ጉጉት ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ካፕሮኒ ሲባል በ1935 እና በ1936 በአገሩ ሰማይ ላይ የዞሩትን፣ ከታች ምንም መከላከያ በሌለው ሕዝብ ላይ ቦምብ ያራገፉትን ያስታውሳል። አንድን የጦር አውሮፕላን ከውበቱና ከፍጥነቱ ብቻ መመዘን እኛ ልንችለው የሚገባ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የሕዋ ሙዚየም ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ሜሰርሽሚት 262 አንዱ አለ። ፊቱ የቆምኩ ጊዜ ያስገረመኝ ትንሽነቱና ማማሩ ነው፤ ሆዱ ሦስት ማዕዘን፣ አፍንጫው እንደ ሻርክ ሾጣጣ፣ ሞተሮቹ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉ። አጠገቤ አንድ አባት ለልጁ ስለ ፍጥነቱ ያስረዳ ነበር። እኔ የተመለከትኩት የአካሉን ስፌት፣ ምስማሮቹ የተሰለፉባቸውን መስመሮች ነበር፤ ምስማሩን የመታው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

መልሱ በከፊል ይታወቃል። በኦገስት 1943 ሬገንስቡርግ የሚገኘው የሜሰርሽሚት ፋብሪካ ከተደበደበ በኋላ ምርቱ እየተበታተነ ወደ ጫካና ወደ ዋሻ ገባ። በኦስትሪያ፣ በዛንክት ጌኦርገን መንደር ሥር፣ «ቤርግክሪስታል» የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠው የዋሻ ፋብሪካ ተቆፈረ፤ የቆፈሩትም ከ1944 መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በውስጡ የሜሰርሽሚት 262ን አካል የገጣጠሙትም የማውትሃውዘን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ የሆነው የጉዘን ካምፕ እስረኞች ናቸው። ፖላንዳውያን፣ የሶቪየት ምርኮኞች፣ ስፔናውያን፣ ጣሊያናውያን፣ ፈረንሳውያን፣ ከሃንጋሪ የመጡ አይሁድ። በጉዘን ካምፖች በጠቅላላው ቢያንስ 35,000 ሰዎች ሞተዋል። በባቫሪያ ላንድስበርግ አካባቢ የዳካው ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፎች የሆኑት የካውፈሪንግ ካምፖች የተቋቋሙት ይህ አውሮፕላን የሚሠራባቸውን ግዙፍ የኮንክሪት ምሽጎች ለመገንባት ነበር፤ እስረኞቹ አብዛኞቹ የሃንጋሪና የሊትዌኒያ አይሁድ ሲሆኑ፣ ከቪየና የመጣው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክልም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ክንፎቹ በሊዮንበርግ በመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ በእስረኞች ተሠሩ። የሞተሩም ሥራ እንዲሁ በኖርድሃውዘን ዋሻ ውስጥ ተካሄደ።

ይህን ለአውሮፕላኑ ታሪክ እንደ ግርጌ ማስታወሻ የሚያዩት ጸሐፊዎች አሉ፤ መጽሐፍ ሙሉ ስለ መድፎቹና ስለ ሞተሩ ከተረኩ በኋላ አንዲት አንቀጽ ይመድቡለታል። እኔ የማየው ምርቱን ራሱን ነው። ብረቱ ድኻ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ ያልቃል፣ ሞተሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ብዙ ሞተር ያስፈልጋል፣ ፋብሪካው ስለሚደበደብ ዋሻ ያስፈልጋል፣ ዋሻና ብዙ ሞተር በአጭር ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ ሞቱ የማይቆጠር ሠራተኛ ያለው መንግሥት ብቻ ነው። ካምፖቹ ከምላጩ አሥር ሰዓት ጋር በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሜሰርሽሚት 262 በቀደመ ዓመት እንዲበርሩ የሚያደርግ ልብ ወለድ፣ ደራሲው አሰበውም አላሰበው፣ ብዙ ጉዘኖችን መፍጠሩ የማይቀር ነው። ገጹ ላይ ባይታዩም ከሰማዩ ታች ይኖራሉ።

እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ይቅር እያልኩ አይደለም። ይልቁንም እስከ መጨረሻው በቅንነት የተጻፈውን ማንበብ እመኛለሁ። ቱርክ ክሮሙን መሸጥ አላቆመችም፣ ፔትሳሞ በጀርመን እጅ ቀረ፣ ሙዚቀኛው በ1942 ተጠራ፣ ሎይናም ቆየች እንበል። ጄቶቹ በ1943 መጨረሻ በብዛት ወጡ፤ የቀን ድብደባው ለወራት ቆመ፤ ወረራው ወደ 1945 ተገፋ። ከዚያስ? በምሥራቅ የሶቪየት ጦር መገስገሱን አይተውም፤ ያን ጦር በጥቂት መቶ ጄቶች ማቆም አይቻልም። በኒው ሜክሲኮ በረሃ ደግሞ በጁላይ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ይፈነዳል። ያንን ቦምብ መሥራት የተጀመረው ጀርመን ትቀድመናለች በሚል ፍርሃት ነበር። ጀርመን እስከዚያ ወር ድረስ እየተዋጋች ብትቆይ ቦምቡ መጀመሪያ የሚወርደው የት ነው የሚለውን ጥያቄ የጄቱን ድል የሚተርክ ደራሲ ሊያልፈው አይገባም።

ከዚህም የሚቀርብ ስሌት አለ። የአሜሪካ ወታደሮች በካውፈሪንግ ካምፖች የደረሱት በኤፕሪል 27 ቀን 1945 ነው፤ ጉዘን ነጻ የወጣው በሜይ 5። እስረኞቹ በዚያን ሰሞን በየቀኑ በረኀብና በተስቦ ይረግፉ ነበር። ጄቱ ጦርነቱን በሦስት ወር ያራዘመበትን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሁለት ቀኖች ወደ ጁላይና ወደ ኦገስት ማሸጋሸግ አለበት፤ አሸጋሽጎም ከካምፖቹ በሕይወት የሚወጣውን ሰው ቁጥር፣ ፍራንክልንም ጨምሮ፣ እንደገና መቁጠር አለበት።